የዕድገት ፋክተር ለህብለ ሰረሰር ጉዳት፦ ምን ከምን ይነጻጸራል? ለጎንደርና አካባቢዋ አስታማሚዎች

ከዛፍ ወድቆ፣ መኪና ተገልብጦበት ወይም በጥይት ተመትቶ እግሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ቤት ሲተኛ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ ውጭ አገር «ነርቭ የሚያበቅል መርፌ» አለ ይላል። ሌላው ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) ይላል። ሦስተኛው ወጌሻ ይጠራል። ዘመድ አዝማድ ከብት ሸጦ፣ ዕድሩን አስተባብሮ ለማሳከም ይነሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲነበብ ነው።

ነርቭ ያበቅላሉ የሚባሉት ፕሮቲኖች የዕድገት ፋክተሮች ይባላሉ። ሳይንሱ እውነተኛ ነው፤ ተስፋውም ባዶ ወሬ አይደለም። ነገር ግን ለህብለ ሰረሰር ጉዳት በዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች የሚመከር አንድም የዕድገት ፋክተር እስካሁን የለም። ስለዚህ ምርጫው «መርፌው ይሻላል ወይስ ፊዚዮቴራፒው» አይደለም። በየትኛው ሰዓት የትኛው ነገር በእርግጥ ይጠቅማል የሚለው ነው ትክክለኛው ጥያቄ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ፣ ደረጃውን ጠይቁ

ሁለት ነገር በወረቀት ይስፈር፦ ጉዳቱ ከደረሰ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሆነ፣ እንዲሁም ጉዳቱ «ሙሉ» ነው ወይስ «ከፊል»። ሁለተኛውን ሐኪሙ የሚለየው በፊንጢጣ ዙሪያ የመነካትና የመወጋት ስሜት መኖሩን፣ ታማሚውም ፊንጢጣውን አስቦ መጭመቅ መቻሉን መርምሮ ነው። ይህ ምርመራ በይሉኝታ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ሆኖም ስለ ወደፊቱ ከሁሉ በላይ የሚናገረው እሱ ስለሆነ፣ ካልተደረገ እንዲደረግ በግልጽ ጠይቁ። ውጤቱ ከኤ እስከ ኢ ባሉ ደረጃዎች ይጻፋል። ኤ ማለት እስከ መጨረሻው ነርቭ ድረስ ስሜትም እንቅስቃሴም የለም ማለት ነው። ቢ ስሜት ብቻ መኖሩን፣ ሲ እና ዲ የተወሰነ እንቅስቃሴ መኖሩን፣ ኢ ደግሞ ምርመራው ጤናማ መሆኑን ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህብለ ሰረሰሩ ደንግጦ ሥራውን ስለሚያቆም ደረጃው ከ72 ሰዓት በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጣራ። አደጋ ሳይደርስበት፣ ከጀርባ ሕመም፣ ከማታ ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር እግሩ ቀስ በቀስ የከዳው ሰው ምናልባት የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ይሆናል። ይህ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የሚወሰደው እንደ ሳንባ ቲቢ ለ6 ወር ሳይሆን ለ12 ወር ነው። በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎች ተመልሰው ይራመዳሉ። እንዲህ ላለ ታማሚ ነርቭ የሚያበቅል መርፌ ሲፈልጉ መክረም የሚድነውን በሽታ ጥሎ የማይጨበጠውን ማሳደድ ነው።

ገና 24 ሰዓት ካልሞላ

በዚህ ሰዓት ከየትኛውም ፋክተር የሚበልጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አከርካሪን ሳያጣምሙ ማድረስ፣ የደም ግፊትን መጠበቅና በህብለ ሰረሰሩ ላይ የተጫነውን አጥንት በቀዶ ሕክምና ማንሳት። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመና አንገታቸው የተጎዳ 313 ሰዎችን ባካተተ ጥናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሠራላቸው መካከል 19.8 በመቶው በ6 ወር ሁለት ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ተሻሽለዋል። ዘግይቶ ከተሠራላቸው ግን ይህን ያገኙት 8.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ልዩነት በሰው ላይ ያሳየ የዕድገት ፋክተር የለም።

ተጎጂውን በባጃጅ አጥፎ መጫን ወይም ጀርባ ላይ ማዘል ከፊል የነበረውን ጉዳት ሙሉ ሊያደርገው ይችላል። አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ራሱንና አንገቱን፣ ሌላው ትከሻውን፣ ሦስተኛው ዳሌውን፣ አራተኛው እግሩን ይይዛሉ። ራስ የያዘው ሲቆጥር እንደ ግንድ በአንድ ላይ አዙረው ደረቅ ሳንቃ ላይ ያስተኙታል። አንገቱ ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ጋቢ ይደገፋል። ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ የደም ግፊቱን አስልታችሁ ተከታተሉ፦ ከላይኛው ቁጥር የታችኛውን ቀንሱ፣ ለ3 አካፍሉ፣ በታችኛው ላይ ደምሩ። ግቡ ቢያንስ ከ75 እስከ 80፣ ቢበዛ ከ90 እስከ 95 ነው። ግፊቱ 90 በ50 ከሆነ ውጤቱ 63 ነው፤ ይህ ለተጎዳ ህብለ ሰረሰር አነስተኛ ስለሆነ ወዲያው ለነርሷ ይነገር።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስትደርሱ ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፦ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል? ዛሬ እዚህ ይሠራል ወይስ ሪፈር ይጻፋል?» አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መልሱን ለነገ ማሳደር 24 ሰዓቱን ይበላል። ወጌሻ በዚህ ጊዜ አከርካሪውን እንዳይነካ። ለተወላለቀ ትከሻ እጁ የሠለጠነ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረ አከርካሪን ማሸት ግን አጥንቱን ወደ ህብለ ሰረሰሩ ይገፋዋል። ጠበሉም ቢሆን ሐኪሙ አከርካሪው ጸንቷል ካለ በኋላ ይደረስበታል፤ እዚያ ሲሄዱም ስሜት የሌለው ገላ በድንጋይ ላይ እንዳይቀመጥ ከሥር ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፍ።

ፋክተሮቹ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ

የዕድገት ፋክተር በነርቭ ሴል ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ «አትሙት፣ ቅርንጫፍ አውጣ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ነርቭ የራሱ ተቀባይ ስላለው ሁሉም ፋክተር ሁሉን ነርቭ አያሳድግም። በሻጭ አፍ «ነርቭ ያበቅላል» ሲባል የሚድበሰበሰው ይኸው ነው። የትኛውን ነርቭ? ብላችሁ ጠይቁ።

ኤንጂኤፍ የመጀመሪያው ነው። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል የተሸለሙት በዕድገት ፋክተሮች ግኝት ነው። በአዋቂ ሰውነት ግን ኤንጂኤፍን በዋናነት የሚሰሙት ሕመም አስተላላፊዎቹና የሲምፓቲክ ነርቮች (የደም ግፊትን የመሰለውን ያለ ፈቃድ የሚቆጣጠሩት) ናቸው፤ ከአንጎል ወርደው እግር የሚያንቀሳቅሱት አይደሉም። ስለዚህ በአይጦች ህብለ ሰረሰር ላይ ሲጨመር የሕመም ነርቮች ያለ ቦታቸው ተንዠረገጉ፤ ድንገተኛ የደም ግፊት መወርወርም ባሰ። ከሁሉ አስቀድሞ ቢታወቅም ለዚህ ጉዳት እኛ መጨረሻ የምናስቀምጠው እሱን ነው።

ቢዲኤንኤፍ እ.ኤ.አ. በ1982 ከአሳማ አንጎል ተጣርቶ የተገኘ ሲሆን የነርቭ ሴልን ከሞት በመጠበቅና የተረፉ መስመሮችን በማጠንከር ረገድ ብርቱ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ደም ውስጥ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ከደም ወደ ህብለ ሰረሰር የሚያልፈውም እጅግ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል፣ በአይጦች ላይ በዘረመል አማካይነት ያለማቋረጥ እንዲመረት ሲደረግ እግሮቹ ከመጠን በላይ ተገተሩ። ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። ኤኤልኤስ በተባለው የነርቭ በሽታ ላይ ከቆዳ ሥር እየተወጋ የተደረገው ትልቅ የሰው ሙከራም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደታተመው፣ ዋና ግቡን አልመታም።

ኤንቲ-3 ከአንጎል የሚወርደውን ዋናውን የእንቅስቃሴ መስመር ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአይጦች ላይ ሲሞከር የዚህን መስመር ቅርንጫፎች አበዛ፤ ከኤንጂኤፍ ጋር ሲተያይ ሕመም የመቀስቀስ ባሕርዩ ዝቅ ያለ ነው። ጂዲኤንኤፍ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ይስባል፤ ግን ለምለም ሣር ያገኘች ላም ወደ በረት እንደማትመለስ ሁሉ ነርቮቹም ፋክተሩ የበዛበት ቦታ ላይ ተጠምጥመው ይቀራሉ። ፋክተር መስጠት ብቻ ሳይሆን ከዚያ እንዴት እንደሚያልፉ ማሰብም ግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰው ህብለ ሰረሰር ላይ ወደ ተሞከሩት ስንመጣ ዝርዝሩ አጭር ነው። አሲዳማው ኤፍጂኤፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ከነርቭ ድልድይ ጋር ተጣምሮ የአይጦችን እግር በከፊል መልሶ ብዙ ተስፋ አጫረ። በኋላ ታይዋን ውስጥ 60 ሰዎች ተሰጥቷቸው መሻሻል ታይቷል ተባለ፤ ነገር ግን ፋክተሩን ያልወሰደ የንጽጽር ቡድን ስላልነበረ መሻሻሉ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ኤችጂኤፍ ጃፓን ውስጥ ለአንገት ጉዳት የተሞከረው በዚህ መልኩ ነው፦ ከጉዳቱ 72 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በየሳምንቱ 0.6 ሚሊ ግራም በወገብ በኩል ወደ ህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ፣ በድምሩ 5 ጊዜ። የመጀመሪያው ሙከራ አበረታች ነበር፤ ተከትሎ የመጣው ሦስተኛ ምዕራፍ (የመጨረሻው የማረጋገጫ ደረጃ) ሙከራ ግን ያስቀመጠውን ዋና ግብ አልደረሰም። ቢሆንም ከሁሉም ተስፋ ይኑር ከተባለ እኛ ዓይናችንን የምንጥለው በዚህ ላይ ነው፤ መስኮቱ ግን ቀናት እንጂ ዓመታት አይደለም።

ጂ-ሲኤስኤፍ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ፊልግራስቲም በሚል ስም ለካንሰር ታማሚዎች ነጭ የደም ሴል ማብዣ ሆኖ ፋርማሲ ይገኛል። «ያው እሱ አይደል» ብሎ ለመግዛት የሚገፋፋ ሰው አይጠፋም። ጃፓን ውስጥ ጉዳት ከደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ የነበሩ 88 ሰዎችን አካቶ፣ በሰውነት ገጽ ስፋት በካሬ ሜትር 400 ማይክሮ ግራም በቀን ለ5 ቀን ተሰጥቶ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት በ3 ወር መድኃኒት ከሌለበት የማወዳደሪያ መርፌ የተለየ አልነበረም። በትክክለኛው ሰዓትና መጠን ያልሠራ መድኃኒት ከዓመት በኋላ በግምት ተገዝቶ አይሠራም።

በምን ይግባ?

በደም ሥር ወይም በቆዳ ሥር መስጠት ቀላል ነው፤ ወደ ህብለ ሰረሰሩ የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀሪው ሌላውን አካል ይነካል። በወገብ በኩል መስጠት ያደርሰዋል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ መወጋት የራስ ምታትና የማጅራት ገትር ስጋት አለው። በቫይረስ ተሸካሚ ዘረመል ማስገባት ለወራት ያስመርታል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ማጥፊያ ማብሪያው ከእጅ ያመልጣል። ጄል ጉዳቱ ላይ ማስቀመጥ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ምንም ጉዳት የሌለው መንገድ የለም፤ «በክንድ ብቻ ይሰጣል፣ ምንም አያመጣም» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ እንግዲህ የትኛው እውነት እንደሚጎድለው ታውቃላችሁ።

ተመራማሪዎች አሁን የያዙት መንገድ አንድ ፋክተር ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ ሦስት ነገር አጣመረ፦ የነርቩን የማደግ ኃይል መቀስቀስ፣ ጉዳቱ ላይ ምቹ አፈር ማዘጋጀትና ከማዶ ሆኖ መጥራት፤ ለመጥሪያነት ያገለገለው ጂዲኤንኤፍ ነው። ነርቮቹ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠውን ቦታ ተሻገሩ። እንስሳቱ ግን አልተራመዱም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይኸው ቡድን ትክክለኛዎቹን ነርቮች ለይቶ ወደ ተፈጥሯዊ መድረሻቸው ሲመራቸው ዓይጦቹ መራመድ ቻሉ። መሻገር ብቻ ሳይሆን የት መድረስ እንዳለበት የታወቀው ከዚህ ነው። ከዓይጥ ወደ ሰው ያለው ርቀት ግን የአዋቂ ህብለ ሰረሰር ወደ 45 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ስታስቡት ይገባችኋል።

በስሙ የሚሸጡ ሌሎች ነገሮች

ፒአርፒ ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋ ሲሆን «በዕድገት ፋክተር የበለጸገ» ይባላል። በእርግጥም ፋክተሮች አሉበት፤ ከእነሱ አንዱ ቲጂኤፍ-ቤታ ግን ጠባሳ የሚያጠናክር ነው፤ ጠባሳ ደግሞ ነርቭን የሚያግደው ግድግዳ ነው። ሴሬብሮላይሲን ከአሳማ አንጎል የሚዘጋጅ የፕሮቲን ቁርጥራጭ ድብልቅ ነው፤ ለህብለ ሰረሰር ጉዳት ማዳኑ አልተረጋገጠም፤ ምንጩንም ታማሚው ሳይነገረው መውጋት ከሃይማኖቱ አንጻር በደል ነው። ቢ-12 እና የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ቫይታሚን እንጂ የዕድገት ፋክተር አይደለም፤ የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው።

ከሌሎቹ አማራጮች ጋርም በአጭሩ ይተያይ። ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ጥቅሙ አከራካሪ ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚጀመርበት ምክንያት የለም። ስቴም ሴልን ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች፤ መሠረቱ ግን 13 ሰዎች ነበሩ። በሌላ አገር የአፍንጫ ሴል ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ የተተከለላት አንዲት ሴት ከ8 ዓመት በኋላ ንፍጥ የሚያመነጭ እባጭ ተገኝቶባታል። አንገቱ ከተጎዳ ቆይቶ እጁ ለደከመ ሰው በአሁኑ ሰዓት የተሻለ ማስረጃ ያለው በአንገት ቆዳ ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ነው፦ 60 ሰዎች ተሞክሮባቸው 72 በመቶው በጥንካሬም በተግባርም ተሻሽለዋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ፈቅዳዋለች። እሱም ቢሆን የተሞከረው ከእጅ ልምምድ ጋር ነው።

ግብዣ ሲመጣ

ደረጃ ኤ ከነበሩት ውስጥ በግምት ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጡት ያለ ምንም ልዩ መድኃኒት በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ደረጃ ይሻሻላሉ። አብዛኛው መሻሻል የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ነው። በሁለተኛው ወር መርፌ የሸጠ ሰው ተፈጥሮ የሠራውን በስሙ ያስመዘግባል፤ የቪዲዮ ምስክርነት የማያስተማምነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚጋብዛችሁን ሰው እነዚህን ጠይቁት፦ የፋክተሩ ስም ምንድን ነው፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ በምን መንገድ፣ ከጉዳቱ በስንት ቀን ውስጥ? የንጽጽር ቡድን አለ? የሙከራው መመዝገቢያ ቁጥር ስንት ነው? አገር ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ የታለ? ጉዳት ቢደርስ የሚያክመው ማነው? ትክክለኛ ሙከራ ለሚሞከረው መድኃኒት ታማሚውን አያስከፍልም። «አስቀድማችሁ ክፈሉ» ከተባለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ። አንድ ጊዜ ያልተረጋገጠ ነገር ህብለ ሰረሰር ውስጥ የገባበት ሰው ወደፊት ከእውነተኛ ሙከራ ሊከለከል እንደሚችልም አትርሱ።

ገንዘቡ የሚውልበት

ነገ የሚሠራ ፋክተር ቢመጣ የሚቀበለው ገላ ቁስል የሌለበት፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ፣ መገጣጠሚያው ያልደረቀ መሆን አለበት። የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ለሙከራ አይመረጥም፤ ከዚያ በፊት ሕይወቱን የሚቀጥፉትም እነዚሁ ናቸው።

ሽንት፦ ሐኪሙ ከፈቀደ በቋሚ ቱቦ ፈንታ ቁጥር 12 ወይም 14 ካቴተር በየ4 እስከ 6 ሰዓት አስገብቶ ማውጣት ይሻላል። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የሽንት መውጫው ይጸዳል፣ ቱቦው ይቀባል። በወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በሴት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ሽንት ሲመጣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ ፊኛው ባዶ እስኪሆን ይጠበቃል። በወንድ መሃል ላይ ቢያዝ መግፋት ክልክል ነው፤ ጡንቻው ስለተጨበጠ ነው፣ በረጅሙ ተንፍሶ ሲላላ ያልፋል። የተገፋ እንደሆነ ቱቦው የውሸት መንገድ ይቀድዳል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ሰዓቱ ይጠጋጋ።

ቆዳ፦ አልጋ ላይ በየ2 ሰዓት ማገላበጥ፣ ዊልቸር ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ወይም በእጅ ተነሥቶ መቀመጫን ማሳረፍ። ጠዋትና ማታ ወገብ ሥር፣ ዳሌ፣ መቀመጫና ተረከዝ በስልክ ካሜራ ይታይ። ተጭነው የማይነጣ ቀይ ቦታ የቁስል መጀመሪያ ስለሆነ እስኪጠፋ አይተኛበትም። የከሰል ምድጃ ከእግሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል አይነግርም።

ልምምድ፦ በአይጦች ላይ እንደታየው እንቅስቃሴ ራሱ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ቢዲኤንኤፍ እንዲጨምር ያደርጋል፤ ያውም በትክክለኛው ቦታ። ጎንደር በዚህ ረገድ የታደለች ናት፦ ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒ ያሠለጥናል፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምም አለው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን መልሶ የሚያለማምድ ሙያ) የመጀመሪያ ዲግሪ የተከፈተውም እዚሁ ነው። ከዳባት ወይም ከመተማ ለመጣ ሰው በየቀኑ መመላለስ ከባድ ስለሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት አንድ አስታማሚ የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴውን በባለሙያው ፊት ሠርቶ ያሳይ፣ በስልክም ይቀረጽ።

ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት ነርቭ (ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ አካባቢ) ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው አንድ ወረቀት ከአልጋው ራስጌ ይለጠፍ፦ ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ላብ ካጠመቀው ወዲያው አስቀምጡት፣ ቀበቶና ጫማ አላሉ፣ የሽንት ቱቦው መታጠፉን እዩ፣ ከዚያ ሰገራ መያዙን አስቡ። የዘወትር የላይኛው ግፊቱ 100 ለሆነ እንዲህ ላለ ታማሚ 140 አደገኛ ነው፤ ካልወረደ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ወረቀቱንም ለተረኛው ሐኪም አሳዩት።